ያሳድራል እንጂ አያድንም
የቅርንፉድ ታሪክ ከገበያ እስከ ደም ሥር



በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው በየቤታችሁ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ በሻይ ላይ ስትጣል ሽታዋ ቤቱን የሚሞላ፥ በወጥ መከለሻም ውስጥ የምትገባ፥ መልኳ የዛገች ትንሽ ሚስማር የምትመስል ቅመም ናት። ይህ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት እለምናችኋለሁ። ይህች ቅመም መንግሥታት የተጣሉባት፥ የጥርስ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ በመድኃኒትነት የያዟት፥ በቅርብ ዘመንም ሊቃውንት በደም ሥር ጡንቻ ላይ የምትሠራውን ሥራ የመረመሩባት ናት። የታሪኳ ፍጻሜ ደግሞ የእናንተንና የልጆቻችሁን ጤና ይነካል።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በሳንጃ ያደርሁት አንድ ሌሊት ነው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ደጋ ወርደን ወደ ሱዳን ወሰን በተዘረጋው ቆላ ስንዘልቅ እናገኛታለን። ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት፥ ፀሐይ የሚበረታበት አገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደዚያ በተላክሁ ጊዜ፥ አስቀድሞ የተቦረቦረ አንድ የመንጋጋ ጥርሴ በእኩለ ሌሊት ተነሣብኝ። ስጋደም ይብስብኛል፤ ስቀመጥ ጥቂት ፋታ ይሰጠኛል፤ ልቤ በመታ ቍጥር ጥርሴም አብሮ ይመታል። ያደርሁበት ቤት እመቤት፥ በዕድሜ የገፉ እናት፥ ማቃሰቴን ሰምተው የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። ከጨርቅ ቋጠሮ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ አውጥተው፥ «ልጄ፥ በታመመው ጥርስህ ላይ ነክሰህ ያዘው። ያሳድርሃል እንጂ አያድንህም፤ ሲነጋ ወደ ጎንደር ውጣና ታከም» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ምላሴን አቃጠለኝ፤ ቀጥሎ ድዴ ደነዘዘ፤ ከዚያም እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ሕመሙ ጋብ ብሎ ስላገኘሁት የእኒያን እናት ቃል ከሁለት ከፍዬ፥ ያሳድራል ያሉትን ይዤ፥ አያድንም ያሉትን ትቼ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ሕመሙ በተመለሰ ጊዜ ሁሉ ከሱቅ ቅርንፉድ እየገዛሁ ሦስት ሳምንት አሳለፍሁ። በመጨረሻ ጉንጬ አብጦ ከሐኪም ዘንድ ስቀርብ ጥርሱን ለማዳን የሚቻልበት ጊዜ አልፎ ኖሮ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይመላለሱብኝ ጀመር። ቅርንፉድ የሚያሳድረው በምን ኃይል ነው? የሚያሳድር ከሆነስ ስለ ምን አያድንም? መልሱን ለማግኘት የቅመሟን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ቅርንፉድ ፍሬ ስንላት እንሰማለን እንጂ በእውነቱ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ናት። እንቡጡ ከዛፉ ላይ ተለቅሞ በፀሐይ ሲደርቅ ይጠቍራል። ስሟንም ከዐረብኛው «ቀረንፉል» ወርሰነዋል። የዛፉ የጥንት አገር ዛሬ በኢንዶኔዥያ ግዛት ውስጥ ያሉት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ተርናቴና ቲዶሬ የታወቁ ነበሩ። በጥንቱ የቻይና ቤተ መንግሥት ባለሟሎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ሲናገሩ ትንፋሻቸው እንዲያምር ቅርንፉድ በአፋቸው ይይዙ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ ቅርንፉድና የሰው አፍ የተዋወቁት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዱን ለብቻው ለመያዝ ስለ ፈለገ፥ ዛፉ በአምቦንና በአቅራቢያዋ ባሉ ደሴቶች ብቻ እንዲቀር አድርጎ በሌሎቹ ደሴቶች የነበረውን አስቈረጠ። ዋጋው እንዳይረክስ ሲባል የሕዝብ መተዳደሪያ ጠፋ። ይሁን እንጂ ዘርን ዘግቶ ማኖር አይቻልምና፥ ፒየር ፗቭር የተባለው ፈረንሳዊ በ1770 ገደማ በአውሮፓ አቈጣጠር ችግኙን በምስጢር አስወጥቶ ዛሬ ሞሪሺየስ ወደምትባለው ደሴት አስመጣ። (ከአገራችን ውጭ የተደረገውን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንደማቀርብ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።) ከዚያ ወዲያ ዛፉ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ዛንዚባር ተሻገረ። የኦማኑ ገዢ ሰይድ ሰኢድ በ1840 መቀመጫውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር ባዛወረ ጊዜ የቅርንፉድ እርሻ ደሴቲቱን ሸፍኖ ነበር። ዛንዚባርም ለዓለም ገበያ ቅርንፉድ በማቅረብ አንደኛ ሆነች። እርሻውን ያለሙት ግን ከአፍሪቃ ምድር በግፍ የተጋዙ ባሮች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። የአንዱን ሕመም የምታስታግሰው ቅመም በሌላው እንባ የበቀለችበት ዘመን ነበር።

ወደ አገራችን ስትመጣ የቅርንፉድ መንገዷ የቀይ ባሕር ነበር። ከሕንድና ከዐረብ አገር የሚመጣው ቅመም በምጽዋ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። በጎንደር ከተማ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች በዚህ ንግድ የታወቁ ነበሩ። እነዚሁ ነጋዴዎች በስተ ምዕራብም እስከ መተማ ይወርዱ ነበር። መተማ በ19ኛው መቶ ዓመት የደጋው ቡናና ሰም ከሱዳን ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ሆና ሳለ፥ የሰው ልጅ ጭምር የሚሸጥባት ስለ ነበረች ታሪኳ ደስታና ኀዘን የተቀላቀለበት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቈስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚያው በመተማ ነው።

በዚህ ቆላ ያለፈው ግን ሸቀጥና ጦር ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ጥበብም አልፎበታል። ሻርል ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ከካይሮ ተጠርቶ፥ ከስናር ተነሥቶ የምዕራቡን ቆላ አቋርጦ በ1691 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገባ። ከሰባ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በጎንደር ሳለ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ሰዎች ካከመ በኋላ፥ በ1764 ዓ.ም. አገሩ ሊመለስ ሲነሣ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ስናር ወረደ። እንግዲህ አንድ ሐኪም ለማግኘት ከግብፅ ድረስ ይላክ የነበረበትን ዘመን አስቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያህል ከጠበቁ፥ የቆላው ገበሬ ጥርሱ ሲያመው ምን ያደርግ ነበር? ከሚስቱ የቅመም ቋጠሮ ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። የሳንጃዋ እናት ዕውቀት ከዚህ ችግር የተወለደ ነውና ልናከብረው ይገባናል።

አሁን ወደ ጥርሱ እንግባ። ጥርስ ከላይ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ በጥርሱ ሥር መካከል ባለች ቀጭን ቱቦ ወርዶ፥ በጫፉ በምትገኝ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ከመንጋጋው ጋር ይገናኛል። ብል የበላው ጥርስ ሲቦረቦር ተሐዋስያን ወደዚህ ሥጋ ይደርሳሉ። በሌላ የሰውነት ክፍል ቍስል ሲቈጣ ሥጋው ያብጣል፤ በጥርስ ውስጥ ግን ግድግዳው ጠንካራ ስለ ሆነ የሚያብጥበት ስፍራ የለውም። የደም ሥሮቹ ሰፍተው ደም ሲበዛ ግፊቱ በነርቩ ላይ ይወድቃል። ጥርስ በልብ ምት ልክ የሚመታው፥ ስንጋደምም ደም ወደ ራስ ስለሚበረክት ሕመሙ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥንት ሐኪሞች ለዚህ የነበራቸው መድኃኒት መንቀል ብቻ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ጥርሱን በስፍራው አቆይቶ በሥሩ ውስጥ ያለውን የታመመ ሥጋ ብቻ የማውጣት ጥበብ እየተስፋፋ መጣ። ኤድዋርድ ሜይናርድ የተባለው አሜሪካዊ በ1838 የሰዓት ሞላ ሞርዶ የጥርስ ሥር መጥረጊያ ቀጭን መሣሪያ እንደ ሠራ ይነገርለታል። ከመሣሪያው ጋር መድኃኒትም ተፈለገ። አስቀድሞ በ1836 ነርቩን ለመግደል አርሴኒክ እንዲጨመር የመከሩ ነበሩ፤ መርዝ ነውና ነርቩን ገድሎ አላቆመም፥ ባመለጠ ጊዜ ድዱንና የመንጋጋውን አጥንት ያበሰብስ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፎርሞክሬዞል የተባለው ኃይለኛ መድኃኒት መጣ፤ በ1920 ደግሞ ኸርማን የተባለው ጀርመናዊ ከኖራ ወገን የሆነውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለጥርስ ሕክምና አቀረበ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል የወጥ ቤቷ ቅርንፉድ ቦታዋን አልለቀቀችም። በዘይቷ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ዩጂኖል ይባላል፤ ከዘይቱም አብዛኛው እርሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ የጥርስ ሐኪሞች የቅርንፉድን ዘይት ዚንክ ኦክሳይድ ከተባለው ነጭ ዱቄት ጋር ቢለውሱት እንደ ሊጥ ሆኖ ቆይቶ እንደሚጠነክር ተረዱ። ሉዊ ግሮስማን የተባለው የፊላዴልፊያ መምህር በ1936 ከዚህ ወገን የሆነ የጥርስ ሥር ማሸጊያ ካሳተመ ወዲህ ጥበቡ በዓለም ሁሉ ታወቀ። የጥርስ ሥር ሕክምና የተደረገላችሁ ሰዎች በክፍሉ ውስጥ የሸተታችሁ የቅርንፉድ ሽታ ምንጩ ይኸው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በጥርሱ ሥር ጫፍ አጠገብ ነው፤ ከቀዳዳዋ ማዶ ሕያው ሥጋና ደም የሚመላለስባቸው ሥሮች አሉ። መድኃኒቱ ጥቂት በጥቂት ወደዚያ ሲያልፍ የደም ሥሮቹን ምን ያደርጋቸዋል? ይህን ለመረዳት ስለ ደም ሥር ጡንቻ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

በክንዳችን ያለው ጡንቻ በፈቃዳችን ይታዘዛል። በደም ሥር ግድግዳ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ ያለው ጡንቻ ግን ያለ ፈቃዳችን ሌሊትና ቀን ይሠራል። ሲኰማተር ሥሩ ይጠባል፤ ሲላላ ይሰፋል። እንዲኰማተር ትእዛዝ የሚያደርሰው ካልሲየም ነው። የዚህ ምስጢር በር የተከፈተው በስሕተት መሆኑ ያስደንቃል። ሲድኒ ሪንገር የተባለው የለንደን ሐኪም በ1882 ገደማ የእንቍራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ይመረምር ነበር። በኋላ ግን ረዳቱ በተጣራ ውሃ ፈንታ የቧንቧ ውሃ ይጠቀም እንደ ነበር ተገለጠ። በተጣራ ውሃ በተሠራው ጊዜ ልቡ መምታቱን ተወ። በለንደን የቧንቧ ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ኖሯል ጡንቻውን ያንቀሳቅሰው የነበረ።

ነገሩን በመተማ ኬላ ልመስለው። የጡንቻው ሕዋስ እንደ አንድ አገር ነው፤ በዳርቻውም በሮች አሉት። ኬላው ሲከፈት ካልሲየም እንደ ነጋዴ ጭነት ይገባል፥ ጡንቻውም ሥራ ይዞ ይኰማተራል። ኬላው ከተዘጋ ጭነት አይገባም፥ ጡንቻውም ይላላል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት፥ ከጥንቸል ደም ቅዳ የተቈረጠ ቁራጭ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ አኑረው ዩጂኖል ቢጨምሩበት፥ ተኰማትሮ የነበረው ጡንቻ ላላ። በ2003 የብራዚል ተመራማሪዎች በአይጥ ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ያደረጉት ምርመራ ተመሳሳይ ሆነ። ጥናቶቹ እንደሚያመለክቱት ዩጂኖል የካልሲየምን በሮች ይዘጋል፤ የኬላ ዘበኛ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም ጋር የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን በመላላቱ ሥራ ድርሻ አለው። ይህ ስስ ሽፋን ጡንቻውን የሚያላላ መልእክት እንደሚልክ ሮበርት ፈርችጎት የተባለው አሜሪካዊ በ1980 አስረድቶ፥ በ1998 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ አገኘ። ቅርንፉድ የሚያሳድረው ዩጂኖል ነርቩን ስለሚያደነዝዝና የሥጋውን ቍጣ ስለሚያበርድ ነው። በደም ሥሩ ጡንቻ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ ለአንድ ቦታ የተሰጠ መድኃኒት በዚያ ብቻ እንደማይቆም፥ ጎረቤቱንም እንደሚነካ ያሳያል። ጥበቡ ያለው በመጠኑ ነው። በጥቂቱ ሲሆን ያስታግሳል፤ ሲበዛ ግን ሕያው ሥጋን ያቃጥላል። የጥርስ ሐኪሙ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሶ በጥርሱ ሥር ውስጥ የሚያሽገው ዩጂኖሉ በዝግታ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ ነው።

በዚያው ወንበር ላይ የዚህ ተቃራኒ እንደሚደረግም ማወቅ ይጠቅማል። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት በሚወጋው ማደንዘዣ ውስጥ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን ይጨመራል። አድሬናሊን በ1901 ተጣርቶ የወጣ ንጥረ ነገር ሲሆን፥ በድድ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ጡንቻ ያኰማትራል፤ ሥሩ ሲጠብ ማደንዘዣው በደም ተወስዶ ቶሎ አይጠፋም፥ መድማቱም ይቀንሳል። አንዱ መድኃኒት በር ይከፍታል፥ ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ የልብ ወይም የደም ብዛት ሕመም ያለባችሁ ሁሉ፥ ሐኪሙ መርፌ ከማንሣቱ በፊት ሕመማችሁን መንገር ግዴታችሁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀርቶናል፤ ስለ ምን አያድንም? መልሱ አጭር ነው። ቅርንፉድ ነርቩን ያደነዝዛል እንጂ የተቦረቦረውን አይሞላም፥ የሞተውን ሥጋ አያወጣም፥ በጥርሱ ሥር የሸመቁትን ተሐዋስያን አያባርርም። እንዲያውም ሕመሙ በገዛ ራሱ ጠፋ ብለን የምንደሰትበት ቀን ነርቩ የሞተበት ቀን ሊሆን ይችላል። ዘበኛው ተኝቷል፥ ሌባው ግን በቤት ውስጥ ነው። መግሉ ወደ መንጋጋ፥ ከዚያም ወደ አንገት ሊወርድ፥ ተሐዋስያኑም ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ። ፊት ካበጠ፥ ትኵሳት ከመጣ፥ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አንዲት ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ከሰው ስለሚደብቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ከራሱ የሚደብቀውንም ይጨምራል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ቅርንፉድ የደም ሥርን ያላላል የሚለውን ያነበበ ሰው ከደም ብዛት ያድነኛል ብሎ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ቢተው ራሱን ይጎዳል። በጨው ውሃ ውስጥ የተፈተነ የጥንቸል ደም ቅዳ ቁራጭ ሌላ፥ በሕይወት ያለ ሰው ሌላ ነው። እንዲሁም የቅርንፉድ ፍሬ አንድ ነገር ነው፥ ተጨምቆ በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ሌላ ነው። ዘይቱ በድድ ላይ ሲፈስ ያቈስላል፤ ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ደግሞ ጉበቱን እስከ መጉዳትና ራሱን እስከ ማሳት ይደርሳል። ስለዚህ ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ አኑሩት።

ይህ ሁሉ ለከተማ ሰው ቀላል ነው፤ የጥርስ ሐኪም በየመንገዱ አለለት። ለቆላው ሰው ግን የሐኪም መንገድ ረጅም ሆኖ ኖሯል። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፥ ከዚያ ጥቂት አስቀድሞ በደንቢያ ሜዳ የወረደው የወባ መቅሠፍት ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከው፥ ሕዝቡ እስኪታመም ሳይጠበቅ ሐኪሙ ወደ ሕዝቡ ይሂድ በሚል አሳብ ነው። ያ አሳብ ለወባ እንደ ሠራ ለጥርስም ሊሠራ ይገባዋል። በየወረዳው የምትሠሩ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ዕቅድና በጀት ስታዘጋጁ፥ ጥርስን ከጤና ውጭ አድርጋችሁ አትቍጠሩ።

ለራሳችን ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። በማለዳና በመኝታ ጊዜ ጥርሳችንን በመፋቂያ ወይም በቡርሽ እናጽዳ፤ ልጆቻችንን ከጣፋጭ ብዛት እንከልክል፤ ጥርስ ሲቦረቦር ገና ሳያመን እናስሞላው። ሌሊት በድንገት ቢያመንም ቅርንፉዱን መንከስ ነውር የለበትም። ብቻ ሲነጋ የሳንጃዋን እናት ቃል ሙሉውን እናስታውስ፤ እኔ ግማሹን ብረሳ አንድ ጥርስ አስከፍሎኛል።

ደኅና ሰንብቱ።